አባባ ለተራራው ያወጡለት ስም

ባለፈው ሰሞን ዳንግላ ጎረቤቴ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ ጦስኝ የገባበት ሻይ ቀረበልኝ። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሲነካው ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ምነው? ስኳር አነሰው?» አለችኝ።

ስኳርስ አላነሰውም። ግን እዚያ አልነበርኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጤዛ ያዘለ ጦስኝ እየረገጥኩ፣ ከአያቴ ኋላ ኋላ አቀበት እየወጣሁ ነበር። ጦስኙ በተረገጠ ቁጥር ይሸት ነበር። አያቴ ዞር ሳይሉ «ሙሉ፣ አለሽ?» ይሉኛል፤ «አለሁ!» እላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በትክትክ ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ደረቴ እስኪሰነጠቅ ሳልኩ። እናቴ ደግሞ አራስ ነበረች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ይህች ልጅ ሕፃኑ አጠገብ እንዳትደርስ» ሲል፣ ዳንግላ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋው አባቴ የስፌት መኪናውን ከድኖ፣ በጭነት መኪና ላይ አሳፍሮኝ እንጅባራ ወሰደኝ። ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር ሄደን ከእናቴ ወላጆች ቤት ደረስን። ቤታቸው ከዘንገና በላይ፣ ተራራው እግር ሥር ነው። ሳሌ በመስከረም ለቀቀኝ። ደግነቱ ለቀቀኝ፤ አክስቴ ጥሩዬ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የመጣችው በዚያው ወር ነበርና።

አያቴን አባባ፣ ሴት አያቴን እማዋይ እላቸው ነበር። ከጎረቤት ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ ነው፤ እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ አገውኛው ይገባኛል እንጂ አፌ ላይ ይኮላተፍብኛል። እርስ በርሳቸው በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወሩ ግን ማወቅ አልቻልኩም። በሁለቱም አያወሩም ነበርና።

«ሙሉ፣ ለአያትሽ ንገሪው፤ እራት ቀርቧል» ይላሉ እማዋይ። አባባ ከእሳቸው ሦስት ክንድ ርቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እራት ቀርቧል።»

«መጣሁ በያት።»

«እማዋይ፣ መጡ።»

እንዲህ እያልኩ ከጠዋት እስከ ማታ ቃል ሳመላልስ እውላለሁ። ስለ ላሟ፣ ስለ ድንቹ፣ አጥር ስለጣሰው በግ። አስቤ አስቤ የደረስኩበት ነገር፣ አባባ የእማዋይን ድምፅ ብቻ የማይሰማ ጆሮ አላቸው የሚል ነው። ዳንግላ አንድ ዓይኑ ብቻ የማያይ ሰው አውቅ ነበር፤ ይህም እንደዚያ መሰለኝ። አንድ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ከበሩ ኋላ ተደበቅኩና የእማዋይን ድምፅ አስመስዬ «አንዳርጌ!» ብዬ ተጣራሁ።

አባባ የሚጠርቡትን ቀርከሃ ጥለው ብድግ አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «አቤት! አቤት!» እያሉ በሩን ሲያልፉ እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ወደ ቀርከሃቸው ተመለሱ። ይሰማሉ ማለት ነው። እንግዲያ ምንድን ነው?

የነገረችኝ አክስቴ ጥሩዬ ናት፤ ሕፃኑን እያጠባች። ካቻምና ግንቦት የሠርጓ ሳምንት አባባ ከተራራው ማር ላመጣ ብለው ወጡ። አባባ ቀፎ የሚሰቅሉት እዚያ ላይ ነው፤ ከአገሩ ሰው ሁሉ ይልቅ ያንን ተራራ ያውቁታል ይባላል። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የወጡት። ሠርጉ ደረሰ፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ ከበሮው ተመታ፤ አባባ የሉም። ሙሽራዋን ጉልበት አስሞ የመረቃት አጎቷ ነው። አባባ የመጡት ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ፣ በማግስቱ ማታ ነው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ንቡን ጥዬ መምጣት አልቻልኩም› አለ። እናቴ ያን ቀን ‹እንግዲያ ከንብህ ጋር ተነጋገር› አለችው። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም።»

ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ይህ ለእኔ ዕድሜ ልክ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ጭቃ ሹሙ እንግዶች ይዘው መጡ። አንድ ረጅም፣ ባለ ቀይ ጺም ፈረንጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አቶ መርዕድ የሚባል አስተርጓሚ፣ ጫኔ የሚባል በቅሎ ነጂና አንዲት የተጫነች በቅሎ። ፈረንጁን ሁሉም «ሚስተር» ይለዋል፤ ስሙ ሚስተር መስሎኝ ነበር። አገሩን በወረቀት ላይ ሊያወርዱት ነው አሉ፤ ካርታ። ተራራውን የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጭቃ ሹሙ የመንግሥት ደብዳቤ ለአባባ አንብበው «ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አሏቸው። ሦስት ቀን ወጥቶ መውረድ ነው፤ ረቡዕ ተነስቶ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ መመለስ።

እማዋይ ጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሉ፣ ለአያትሽ ንገሪው። የጥሩዬ ልጅ አርባው እሑድ ነው፤ ክርስትና ይነሳል። እንደ ሠርጉ ከቀረ ጎጆውን እዚያው ከንቦቹ ጋር ይቀልስ። እኔ ቤት እንዳይመለስ።»

እንግዶቹ ሁሉ አባባን አዩ። እኔ ቃሉን መድገም ከበደኝ። በገዛ ፈቃዴ አሳጥሬ «አባባ፣ እሑድ ክርስትና አለ» አልኩ።

«እደርሳለሁ በያት።»

«ንገሪው፤ አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ። የተራራው ነፋስ የተረፈ ሳል ካለ ይጨርስልሻል። ቀኑን ቁጠሪለት።»

እንዲህ ሆኜ ነው ተራራ የወጣሁት።

ረቡዕ ንጋት ላይ ተነሳን። መጀመሪያ ቀርከሃው ነው። ውስጡ ስንገባ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ፤ የሚስተር ጺም እንኳ አረንጓዴ መሰለ። ነፋስ ሲመጣ ቀርከሃዎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይንሾካሾካሉ፤ የሆነ ጊዜ አንደኛው «ሲጥጥ» ይላል። ከኋላችን ሽማግሌዎች እየተጨቃጨቁ የሚመጡ መስሎኝ ደጋግሜ ዞር አልኩ። አባባ ፊት ናቸው። ቤት ውስጥ ጎበጥ ብለው የሚቀመጡት ሰውዬ አልነበሩም። ከቀርከሃው ሲገቡ ቁመት ጨመሩ።

ሚስተር እግሩ ረጅም ነውና መሮጥ ጀመረ። አባባ ጠሩት።

«ንገረው» አሉት አቶ መርዕድን፣ «ተራራ በጉልበት አይወጣም፤ በትንፋሽ ነው። እየሄደ መሳቅ ከቻለ እርምጃው ልክ ነው። መሳቅ ካቃተው ይቀንስ።»

ሚስተር ሲተረጎምለት ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ቀነሰ። እኔም በየጊዜው እየሳቅኩ እፈትን ነበር። ጫኔ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ይላል ለበቅሎዋ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው የአባባ የንብ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ከቀርከሃ የተሠራች፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት። ድንች በረመጥ ጠብሰን ከማር ጋር በላን። ሚስተር ማሩን ከነሰፈፉ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሦስቴ አስጨመረ። አቶ መርዕድ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያይ ተረከዙ ተልጦ ነበር። አባባ ሰም አቅልጠው ቀቡለት። ከዚያ በኋላ «አባቴ» ይላቸው ጀመር።

ሐሙስ ከቀርከሃው ወጥተን አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። አስታው ከእኔ ቁመት ብዙ አይበልጥም፤ ጺም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎበታል። ከእግራችን ሥር ጦስኝ ነው። አንድ ጥሻ አልፈን ጫፍ ላይ ስንቆም አገሩ ሁሉ ተዘረጋ። አባባ በበትራቸው እያመለከቱ ስም ይነግራሉ፣ አቶ መርዕድ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «ያ የዘንገና ውሃ። በወዲያ በኩል አዘና። ያ ደግሞ ግምጃ ቤት።»

«የታለ? የታለ?» አልኩ። ግምጃ ማለት ሐር መሆኑን አባቴ አስተምሮኝ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ሰዎች «ግምጃ ቤት ገበያ ሄድኩ» ሲሉ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሐር የተሞላ አንድ ትልቅ ቤት በዓይኔ ይመጣ ነበር። አሁን አባባ የሚያመለክቱበትን ባይ፣ ጭስና እርሻ፣ ጥቂት የሣር ክዳን።

«ሐሩ የታል?»

አባባ ሲገባቸው በትራቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እዚያ ያለው ስንዴና ድንች ነው።» አቶ መርዕድ ለሚስተር ተረጎመለት። ሚስተርም ሳቀ። እኔ ግን ለተወሰነ ሰዓት አኮረፍኩ፤ የዘጠኝ ዓመት ሐር ነው የጠፋብኝ።

ለማባበል ይመስለኛል ሚስተር የሚለካበትን ባለ ሦስት እግር መነጽር እንዳይ ጠራኝ። መነጽሩን ወደ ታች፣ ወደ እኛ ቤት አዙሮት ነበር። ዓይኔን ባስጠጋ ጮህኩ። ቤታችን ተገልብጧል! ክዳኑ ወደ ታች፣ መሬቱ ወደ ላይ። በጎቹ ሰማይ ላይ በጀርባቸው ተንጠልጥለዋል። ጭሱ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል።

«አባባ! ቤቱ ወድቋል! እማዋይ! የክርስትናው ጠላ ፈሰሰ!»

አባባ መልካቸው ተለዋውጦ መነጽሩ ላይ ተደፉ። አይተው ዓይናቸውን አነሱ፤ ያለ መነጽር ታች አዩ፤ እንደገና ተደፉ። አቶ መርዕድ መነጽሩ ሁሉን ነገር ገልብጦ እንደሚያሳይ ሲያስረዳቸው «እፎይ» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ግን ከመነጽሩ አልላቀቅም አሉ። ሚስተር ሥራ ሊፈታ ሆነ። «ወጣች» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። «ድንች ልትቆፍር ነው።» ተገልብጠው የሚታዩት እማዋይ ናቸው። አባባ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያዩዋቸው እኔ ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

ዓርብ ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ ላይ ደረስን። ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ብቻ እዚህም እዚያም እንደ ዘበኛ ቆሟል። ሚስተር መነጽሩን ተክሎ ሲለካ ዋለ። አቶ መርዕድ ደብተሩን ከፈተ።

«አባቴ፣ ይህኛው ጫፍ ስሙ ማነው?»

አባባ ለየጅረቱና ለየሸንተረሩ እስካሁን ስም አላጡም። አሁን ግን፣ «ይህ ስም የለውም» አሉ። «ጫፉ ነው የምንለው።»

«ኧረ ስም ያስፈልጋል። ሚስተር ባዶ ቦታ አይወድም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ እንዴት ስም ያጣል?»

አባባ ወደ ታች፣ ወደ ጭሱ አዩ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ደብሬ» አሉ።

«ደብረ ማን?»

«ደብሬ ብቻ።»

«ቤተ ክርስቲያን ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«ታዲያ ለምን ደብሬ ተባለ?»

አባባ አሰብ አደረጉ። «ከሩቅ ይታያል። አይናገርም። ሲቆጣ ደግሞ ጉም ይለብሳል።»

አቶ መርዕድ ሁሉንም ጻፈው። የእማዋይ ስም ደብሬ መሆኑን ማንም አልነገረውም። እኔ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የገባኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ተራራ የእማዋይ መሬት ነው ማለት ነው! እንዲህ ያሉ ባለጸጋ ናቸው አያቴ! ለምን ከእኛ ጋር ድንች ይቆፍራሉ? ይህን እያሰላሰልኩ በኩራት አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካደርንበት ዋሻ ብቅ ስል ዓለም አልነበረችም። ጉም ነው። የገዛ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን መቁጠር አቃተኝ። ሚስተር ለአቶ መርዕድ አንድ ነገር አለው።

«አንድ የቀረ ልኬት አለ፤ ጉሙ እስኪገልጥ እንጠብቅ ይላል።»

«ዛሬ ካልወረድን ነገ አንደርስም» አሉ አባባ።

«አባቴ፣ የመንግሥት ሥራ ነው። ደብዳቤውን ሰምተዋል።»

አባባ መሬት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለእሱ ሳይሆን ለሚስተር ቀጥታ ተናገሩ፤ አማርኛ እንደማይሰማ እያወቁ።

«ካቻምናም ጠብቄ ነበር። ለልጄ ሠርግ ማር ልወስድ ወጥቼ እንዲህ ያለ ጉም ያዘኝ። አልገልጥ ሲለኝ ልውረድ ብዬ ጠፋሁ። ሦስት ቀን አንድ ዓለት ዞርኩ። የሰው ዱካ አገኘሁ ብዬ ተከትዬው ስሄድ የራሴ ዱካ ነው። አርባ ዓመት የወጣሁበት ተራራ! ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ ለምን ዘገየህ አለኝ። የተራራው ሰው ተራራው ላይ ጠፋ ከምል፣ ንብ ነው አልኩ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ንብ አልነበረም።»

አቶ መርዕድ ቀስ ብሎ ተረጎመ። ሚስተር ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ መነጽሩ ሄዶ እግሮቹን ያጣጥፍ ጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ።

«እኔም ሴት ልጅ አለችኝ ይላል» አለ አቶ መርዕድ።

አባባ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ይህን የነገርኩትን ለእማዋይ አትንገሪ።» እሺ አልኩ።

በጠፍር ተያይዘን ወረድን፤ አባባ ፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ አቶ መርዕድ፣ ሚስተር፣ መጨረሻ ጫኔ ከበቅሎዋ ጋር። አባባ የውሃ ድምፅ ይዘው ነው የሚሄዱት። «ውሃ ከሸንተረር ይሻላል፤ ቢያንስ ወደ ታች ይሄዳል» አሉ። እየሄድን ድንገት የውሃው ድምፅ ከእግራችን ሥር ጠፍቶ ከሩቅ፣ ከጥልቅ ይሰማ ጀመር። አባባ እጃቸውን ዘርግተው አቆሙን። አንድ ጠጠር ወርውረው አዳመጡ። ጠጠሩ ሳይመታ ቆየ። ገደል ነው።

የአባባ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ጠፍሩ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የእሳቸው ይሁን የእኔ አላወቅኩም።

«መንገዱ ጠፍቶኛል» አሉ። ጮክ ብለው ነው ያሉት፤ ሁሉም እንዲሰማ።

አሁን ሳስበው ከዚያ ተራራ ሁሉ ያቺ ከሁሉ የከበደች አቀበት ነበረች። ያኔ ግን ለእኔ የገረመኝ፣ ይህን ሲሉ ጠፍሩ መንቀጥቀጡን ማቆሙ ነው። ጫኔ «ታዲያ አብረን ነው የጠፋነው፤ ምን ችግር አለ» አለ። ሚስተር በእጁ እየዳሰሰ ወደ ፊት መጣና ከኪሱ እንደ ሰዓት ያለች ክብ ዕቃ አወጣ። ውስጧ አንዲት ቀጭን ነገር ትንቀጠቀጣለች። በሕይወት ያለች ትል መስላኝ «እንዳትወድቅ!» አልኩት። ኮምፓስ ይባላል፤ ሰሜን ወዴት እንደሆነ ታውቃለች አሉኝ።

«ቤቴ ፀሐይ መግቢያ ነው» አሉ አባባ። ሚስተር በጣቱ አሳየ፤ ያ ወደ ምዕራብ ነው። አባባ አቅጣጫውን አይተው ሣሩን ዳሰሱ፤ «በዚያ በኩል ረግረግ ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ እንዙር» አሉ። አንዱ ወዴት እንደሆነ ያውቃል፣ አንዱ በየት እንደሚረገጥ ያውቃል። እንዲህ እየተጠያየቁ፣ አቶ መርዕድ መሃል ሆኖ እየተረጎመ፣ ብዙ ሰዓት ሄድን። መልእክተኛነት ምን ያህል እንደሚያደክም የማውቀው እኔ ነበርኩና አዘንኩለት። ከሰዓት በኋላ አባባ ቆሙ። «ስሙ» አሉ። ያ የሽማግሌዎች ጭቅጭቅ ነው፤ ቀርከሃው! ጫኔ በቅሎዋን ሳማት።

ጎጆዋ ውስጥ አረፍንና ሳይነጋ ተነስተን ወረድን። ቤት ስንደርስ ሕፃኑን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ከበር ሲወጡ ነበር። አባባ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ጥሩዬ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። እማዋይ አባባን ከራስ እስከ እግር አዩዋቸው፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገሪው፤ እግሩን ታጥቦ ይከተለን።»

አባባ የልጅ ልጃቸው ሲጠመቅ ቆመው አዩ። ሕፃኑ ውሃው ሲነካው የጮኸውን ያህል እሳቸው ፈገግ አሉ።

ድግሱ ላይ ቤቱ ሞላ። ሚስተርና አቶ መርዕድ የክብር ቦታ ተሰጣቸው። እኔ ከሁለት ቀን ጀምሮ የያዝኩትን ጥያቄ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«እማዋይ፣ ተራራዎን አየሁት!»

«የምን ተራራ?»

«ትልቁን። የእርስዎን። ለምን ሀብታም መሆንዎን አልነገሩኝም?»

ሰው ሳቀ። እማዋይ አልሳቁም፤ ወደ አቶ መርዕድ ዞሩ። እሱ ምንም የማያውቅ ንጹህ ሰው፣ ደብተሩን አወጣና ለሁሉም አነበበ። «ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ፤ ስሙ ደብሬ። ከሩቅ ይታያል፣ አይናገርም፣ ሲቆጣ ጉም ይለብሳል።»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ጭቃ ሹሙ ዋንጫቸውን ደፉት። አባባ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተሸፈኑ። እማዋይ ግን እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ።

«ሌላስ ምን አለ?»

ያልደረሰ ቃል ሆዴ ውስጥ ሲያድር የመጀመሪያዬ ነበር። እሺ ብዬ ነበር፤ አውቃለሁ። ነገር ግን እማዋይ ተንበርክከው ዓይኔን ሲያዩኝ ሁሉም ወጣ፤ ጉሙ፣ ዓለቱ፣ ሦስቱ ቀን፣ የገዛ ራሳቸው ዱካ።

እማዋይ ብድግ አሉ። ከጓዳ ወጡ፤ በሰው መሃል አልፈው አባባ ፊት ቆሙ። ሳቁ በየተራ ጠፋ። እኔ ከልማድ የተነሳ ቃል ልቀበል አጠገባቸው ደረስኩ። አላዩኝም።

«ጠፍተህ ነው?» አሉ።

አባባ ጋቢውን ከፊታቸው አወረዱ። ወዲያ ወዲህ አዩ፤ የተጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን ለማረጋገጥ።

«ጠፍቼ ነው።»

«ሦስት ቀን?»

«ሦስት ቀን።»

እማዋይ አፋቸው ተንቀጠቀጠ። «ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ምንም?» አሉ፤ «በዝናብ? ያለ ምንም? እኔ ደግሞ ንቀኸኝ ነው ብዬ!» ወደ መሶቡ ዞረው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። አባባ ከጠገቡ ቆይተዋል፤ ሆኖም ተቀበሉ። አንድ ደገሙላቸው፤ ሦስተኛም። የካቻምናውን ሦስት ቀን እያጎረሷቸው ነበር። ጥሩዬ ሕፃኑን አቅፋ ታለቅሳለች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሚስተር ለአቶ መርዕድ «ምን ተባለ?» ይለዋል፤ አቶ መርዕድ አፍንጫውን ይጠርጋል።

እኔ ከሥራ ተባረርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቶቼ የዓመት ከመንፈቁን ወሬ በአገውኛ በፍጥነት ያወሩት ጀመር፤ ግማሹን እንኳ መከተል አልቻልኩም። ከብት ሲያስገቡ ያወራሉ፤ ድንች ሲልጡ ያወራሉ። አንዳንዴ ይጨቃጨቃሉ። እሱም ደስ ይል ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት እማዋይ ከአልጋቸው ሲነሱ «አንዳርጌ» አሉ፤ «ያንን በስሜ የጠራኸውን አሳየኝ።»

«ሩቅ ነው፤ ብርድም ነው።»

«አርባ ዓመት ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው ስትለኝ ኖርክ። ራሴ ልየው።»

ሦስታችን ሄድን። እማዋይ ለአንድ ሰፈር የሚበቃ ስንቅ ያዙ፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች። አባባ ስለ ትንፋሹና ስለ ሳቁ ሊያስተምሯቸው ሲጀምሩ «አንተ ሳትወለድ እንጨት የለቀምኩበት ዳገት ነው» አሏቸው፤ አባባ በስድስት ዓመት ቢበልጧቸውም። ቀርከሃው ውስጥ ግን ዝም አሉ። እጃቸውን በግንዶቹ ላይ እያሳለፉ ሄዱ። ጎጆዋ ውስጥ ስናድር ወለሏን ጠረጉ፤ ከዚያ ቀፎዎቹን በዓይናቸው ቆጥረው «ለዚህ ነው እንዴ የቀናሁት?» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ጫፉ ላይ ወጣን። ሰማዩ ጠርቷል። እማዋይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ ነፋሱ ይጎትታቸዋል። ዘንገናን አዩ። ቤታችንን ፈልገው አገኙ፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ታንሳለች።

«ጭሱ ከዚህ ይታይሃል?»

«ይታየኛል። ስታነጂ አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ አንተ የት እንዳለህ አላውቅም ነበር» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ተቀመጡና ድንቹን አካፈሉን። ከዚያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ምሥራቅ፣ እኛ ካልመጣንበት ወገን አዩ። እዚያ ሌላ ጫፍ አለ፤ ከእሱም ወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ሌላ።

«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

«እንጃ» አሉ አባባ። «ያን አልሄድኩበትም።»

እማዋይ ስንቁን ከፍተው አዩት፤ መልሰው አሰሩት። ተነስተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ለሁለት ቀን ይበቃናል» አሉና፣ በትራቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወደ ምሥራቅ ጀመሩት። አባባ እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን አየኋቸው። የእማዋይ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጀርባ ከፊታችን በአስታው መካከል ሲወርድ አባባ ሳቁ፤ ትንፋሻቸው ሳይቆረጥ፣ እስከ መጨረሻው። ተከተልናቸው።